ከተራራው ግርጌ ያለው ሰውዬ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ዛሬ ጓደኛዬ ተብዬው ሸምሱ ሱቁን አስመረቀ። ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ያንን ቤት ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። አብረን ልንከፍተው ተስማምተን ሳለ የኪራይ ሊዙን ብቻውን ፈረመ። ይባስ ብሎ ለምርቃቱ ጠራኝ። ሄድኩ፤ ስጦታ ይዤ።

ስጦታው ራሴ የሳልኩት ሥዕል ነው። ኮሚኒቲ ሴንተር የሥዕል ክላስ ስጀምር አስተማሪዋ የድሮ አሜሪካውያን ሠዓሊዎችን ሥራ አሳየችን፤ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ የተሳሉ። ተራራው ደመናውን ሰንጥቆ ወጥቷል፤ ብርሃኑ ያምራል፣ ደግሞም ያስፈራል። ከስር አንድ ሚጢጢ ሰው ቆሟል። "ሰውየው ያነሰው ተራራው እንዲገዝፍ ነው" አለችን። ያኔ ሸምሱ ትዝ አለኝ።

ከከተማችን የሚታየውን ሬኒየር ተራራን ሳልኩ። በረዶውን ስቀባ ልቤ እየሰፋ ንዴቴ ሊለቀኝ ሆነ። ሶ ቶሎ ብዬ ሸምሱን ከግርጌው ጨመርኩት፤ ምስር አክሎ፣ ከራሱ የማይወርደውን ቢጫ ኮፍያውን እንዳደረገ።

"አንቺ እኮ አርቲስት ነሽ" ብሎ ሸምሱ ሥዕሉን ከባንኮኒው ጀርባ ሰቀለው። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።

"ይቺ ከስር ያለችው ምንድን ናት?"

"ሰው ነው፣ ጋሼ። ተራራው ትልቅ እንዲመስል ነው።"

ሥዕሉን አዩ፣ ከሥዕሉ ስር የቆመውን ሸምሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ሳቃቸውን በሻይ ዋጡት።

ነገ ከሸምሱ ሱቅ ስኳር ልገዛ እሄዳለሁ። ስኳርስ እቤት ሞልቷል።