መሰላሉ ሠላሳኛ ሆኖ ገባ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? የልብስ ማጠቢያው ቤት እንፋሎት አሁንም ዓይንሽን ያቃጥልሻል? ልጆቹስ አደጉ? እኔማ ድንጋይ ነኝ፤ ጉንፋን እንኳን ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

መጀመሪያ ጽሕፈቱን ልብ ብለሽ እዪው። እንደ ወትሮው የመጋዘን ጠባቂው እጅ አይደለም። የኔ ነው! የማታ ትምህርቱን ከአርባ ሰው ሦስተኛ ወጥቼ ጨረስኩ። የቀደሙኝ ሁለቱ ከመጀመሪያውም ትንሽ ትንሽ ማንበብ የሚችሉ አጭበርባሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ በትክክለኛው አቆጣጠር አንደኛው እኔ ነኝ። አስተማሪያችን «ፊደልህም እንዳንተ ይንጠራራል» አለችኝ። እኔ ለሙገሳ ቆጥሬዋለሁ።

አሁን ወደ ወሬው። እዚህ የምንገጣጥመውን ዕቃ ታውቂዋለሽ፤ ያ የልጅነታችን ዓይነት የጌም ሳጥን ነው። ካሴት የለው፣ ዲስክ የለው፤ ጨዋታዎቹ ውስጡ ተሞልተው ይመጣሉ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተሽ ወዲያው መጫወት ነው። የመጨረሻው ፈታሽ እኔ ነኝ፤ እኔ ሳልጫወትበት ከዚህ ቤት የሚወጣ ሳጥን የለም። ሌላውን ሰው ሥራ ላይ ተጫወትክ ብለው ይቆጡታል፣ እኔን ለምን አልተጫወትክም ብለው!

አዲሱ ሞዴል ሠላሳ የድሮ ጨዋታዎች ይይዛል። ሃያ ዘጠኙ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ተመረጡ፤ የመኪናው፣ የታንኩ፣ የኳሱ፣ ምኑ ቅጡ። ለመጨረሻዋ ቦታ ግን ጦርነት ተነሳ። ዕቃ አሻጊው «ቦክስ!» ይላል፣ ጸሐፊዋ «ዓሣ ማጥመድ!» ትላለች። እኔ «መሰላሉ!» አልኩ። ትዝ አለሽ? ሁለት ትንንሽ ሰዎች በአንድ መሰላል፤ አንዱ ይዞ አንዱ የሚወጣበት፣ ብቻውን የሆነ ሰው የመጀመሪያዋን ግንብ እንኳን የማያልፍበት። ሁሉም ሳቁብኝ። አለቃችን «በአፍ አልቀበልም፣ በተለይ ካንተ አፍ! ሐሳብ ያለው ጽፎ ያምጣ» አለች። እኔን ዝም ማሰኘቷ ነበር። አላወቀችኝም!

ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩላት። አንብባ ጨረሰችና «ማን ጻፈልህ?» አለችኝ። «ይቺ» ብዬ ቀኝ እጄን አሳየኋት። «በል እስቲ አጫውተኝ» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እትዬ፣ ብታያት! መሰላሉን ሳልይዝላት እየተንደረደረች ወጥታ ሦስቴ ተፈጠፈጠች። «ያዝልኝ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» እያለች ስትጮህ ሠራተኛው በሙሉ ሥራውን ጥሎ ከበበን። አሻጊው ራሱ ቦክሱን ረስቶ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይላል። ግንቡን ስናልፍ ቤቱ ተናጋ። በቃ፣ መሰላሉ ሠላሳኛ ሆኖ ገባ!

አለቃችንም ላቧን እየጠረገች «ድሮ ከማን ጋር ነበር የምትጫወተው?» አለችኝ። መቼም አፌን ታውቂዋለሽ፤ ስላንቺ ዘረገፍኩላት። በአሥራ ሦስት ዓመትሽ አባባን ያቃተውን ቴሌቪዥን እንዳስነሳሽ፣ ስትበይጂ እጅሽ ንቅንቅ እንደማይል። ትንሽ ጨምሬበታለሁ፤ ግን ትንሽ ነው። «የጥገናው ወንበር ባዶ ነው፣ ለምን አትመጣም?» አለች። ቀጥላ ደግሞ «እንዲህ የምትችል ልጅ ሙያውን ለምን ተወችው?» አለችኝ።

እትዬ፣ «መልሱን ነገ ጠዋት» ብያት ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

መልሱን ከሷ በፊት ላንቺ ልናገር። እስከዛሬ ያልጻፍኩልሽ የመጋዘን ጠባቂው አፉ ወንፊት ስለሆነ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር በሰው እጅ ማስጻፍ አልቻልኩም። መሰላሉ የነበረበትን ያንን የደንበኛ ሳጥን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አባባ ጠግኖ ጨርሶ «ዛሬ ባለቤቱ ይወስደዋል፣ እንዳትነኩት» ብሎን ወጣ። አንቺም ከኋላው ወጥተሽ ልብስ ልታመጪ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድሽ። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ልጫወት ብዬ የሬዲዮኑን አዳፕተር ሰካሁበት። ጫፉ ልክክ ብሎ ገባ፤ ከገባማ ይሠራል አልኩ። ሳጥኑ የሚፈልገው ዘጠኝ ቮልት ነው፣ የሬዲዮኑ አሥራ ስምንት። ላዩ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ለእኔ ግን ጭረት ነበር። ጢሱ ቦለል ሲል መጋረጃው ኋላ ገባሁ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። አባባ ከጠረጴዛው አባረረሽ፣ ሁለተኛ መበየጃ እንዳትነኪ ብሎ ማለ። ቦታሽ ላይ እኔን አስቀምጦ ሙያውን አስተማረኝ። ዛሬ የምፎክርበት ሙያ እንግዲህ ይኸው ነው። አባባ እስኪሞት ድረስም አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ብዕሬን አስቆመው። ያን ቀን ሳጥኑን አልነካሽውም። ስትወጪ ገመዱ ተነቅሎ ነበር፤ እኔም አንቺም እናውቃለን። አባባ ሳጥኑ ላይ አጎንብሶ «ማነው?» ሲል በሩ ላይ ነበርሽ፤ ልብሱን እንኳን ከእጅሽ አላስቀመጥሽም። መጋረጃው ደግሞ አጭር ነበር፣ እግሬን አይሸፍንም። በመጋረጃው ጥግ አይሽ ነበር፤ ወደ እግሬ አየሽና «ስወጣ ሰክቼ የተውኩት እኔ ነኝ» አልሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደንግጣ ነው እል ነበር፤ ለካስ አውቀሽ ነው የሸፈንሽኝ።

ነገ ጠዋት ይህንኑ ለአለቃዬ በሁሉም ፊት እነግራታለሁ። የኔን ወንበርም ልውሰድ ካለች ትውሰድ፣ ያንቺን ግን አትነካውም። መስኮት ጥግ ነው፤ ማጉያ መነጽር ያለው መብራት አለው፣ መበየጃው አዲስ ነው፣ ማንም አልሠራበትም! ወሩ እስኪያልቅ እጠብቃታለሁ ብላለች። ነይ፣ እትዬ። ልብሽ እሺ ካላለሽም ዝም ብቻ አትበይኝ፤ ስድብም ቢሆን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ።

ፈጣሪ ለእጅሽ ጤና፣ ለወገብሽ ብርታት ይስጥልሽ። ልጆችሽን እርስ በርሳቸው የሚተዛዘኑ አድርጎ ያሳድግልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ