ስለ ኦርፋ ዲትዝ ብርድ ልብስ ቬልዳ ሩዚችካ የተናዘዘችው ቃል

እኔ ቬልዳ ሩዚችካ፣ በነብራስካ ግዛት፣ ከእህል ጎተራው በስተምሥራቅ በሚገኘው ቢጫ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ትራስ ተደግፌ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኦክቶበር 12 ቀን 2019 ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ እግሮቼም ውኃ ቋጥረው አብጠዋል። አእምሮዬ ግን ጤናማ ነው። ለዚህ ማስረጃው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ማን አዝኖልኝ፣ ማን ደግሞ ዕቃዬን በዓይኑ ሊለካ እንደመጣ ለይቼ ማወቄ ነው። ከዚህ በፊት የሰጠሁት ኑዛዜ ቢኖር ተሽሯል።

ቃሌን የሚጽፈው ጠበቃ ሃላስ ነው። የምናገረውን ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎች ጣልቃ ገብተው የሚሉትንም ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። «ወይዘሮ ቬልዳ፣ ኑዛዜ ላይ ጭቅጭቅ አይጻፍም» አለኝ። «የእኔ ላይ ይጻፋል» አልኩት። እየጻፈ ነው።

አንደኛ፤ ቤቱና ከጀርባው ያለው የበቆሎ ማሳ ለአንድ ልጄ ለዌንደል ይሁን። ዌንደል ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰነፍ ነው። እናቱን የሚጠይቀው ሚስቱ ስትጎተጉተው ብቻ ነው። ቤቱን የምሰጠው ስለሚገባው አይደለም። አባቱ እዚህ ማሳ ላይ ጀርባው እስኪጎብጥ ሠርቷል፤ የእርሱን ድካም ለባዕድ አሳልፎ መስጠት ስላስጠላኝ ነው።

ሁለተኛ፤ ቀብሬ ላይ ያ ካሮት የተፈገፈገበት፣ ጄሎ የሚሉት አረንጓዴ የረጋ ጣፋጭ እንዳይቀርብ። በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ለለቀስተኛ ሁሉ ሲታደል ዕድሜዬን ሙሉ ተጠይፌው ኖሬያለሁ። ሰው ሞቶ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ነገር እንዴት ይበላል? አያቶቼ ይጋግሩት የነበረው ኮላቼ፣ ፕለም ያለበት ጣፋጭ ዳቦ ይቅረብ። መጋገር የሚሰለቻት ሴት ካለች ቤቷ ትቅር።

ሦስተኛ፤ ጋራዥ ውስጥ በፕላስቲክ ከረጢት የተቀመጡት የሰዎች ሥራዎች ሁሉ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ። ይህን የሚያነብ ዳኛ ሥራዬን ባያውቅ፣ እንዲህ ነው። የአገራችን ሴቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥለው የብርድ ልብስ ፊት ይሠራሉ። ቀለም ማማረጡ ደስ ይላቸዋል። ፊቱ ሲያልቅ ግን ይሰለቻሉ። ፊቱን፣ መሐል የሚገባውን ጥጥና ገበሩን አንድ ላይ ወጥሮ መስፋት አድካሚ ነውና ለእኔ ያመጡታል። እኔም ጋራዡን በሞላችው ባለ ረጅም ክንድ የስፌት መኪናዬ እጨርስላቸዋለሁ።

ያመጡልኝን ነገር እግዚአብሔር ያውቃል። የድመት ፀጉሩ ብቻውን ሌላ ድመት የሚሠራ ጨርቅ አምጥተውልኛል። የሲጋራ ሽታው ገና ከበሩ የሚቀበል፣ የአይጥ ኩስ የረገፈበት፣ አንድ ጊዜም የተጋገረ ባቄላ ደርቆ የተጣበቀበት አምጥተውልኛል። ጠርዙ እንደ ማዕበል እየተጥመለመለ «ቬልዳዬ፣ ስትሰፊው ይስተካከላል» ይሉኛል። አይስተካከልም! ጠማማ ሆኖ የመጣውን ሰፍቼ ሳበቃ ጠንካራ ጠማማ ነው የሚሆነው። ከዚያም በየዓመቱ የወረዳው ትርዒት ላይ የአንደኝነት ሰማያዊ ጥብጣብ ተሰክቶበት አየዋለሁ። ወረቀቱ ላይ የእኔ ስም የለም። ባለቤቷ አጠገቡ ቆማ ፎቶ ስትነሳ፣ እኔ የሎሚ ጭማቂ ይዤ በዚያ አልፋለሁ፤ እርስዋም እንዳላየ ሰው ወደ ዱባዎቹ ትዞራለች። ሞቼም ይህ ያስጠላኛል።

አራተኛ፤ የስፌት መኪናዋ ከነጠረጴዛዋና ከነክሯ ለቨርጂል ቶነሰን ትሁን። ቨርጂል ዕድሜውን በከብት ጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ሚስቱ ስትሞት ቤቱ ቢጨንቀው ጨርቅ መቀጣጠል ጀመረ። የስፌት ማኅበሩ ሴቶች መጀመሪያ ሲመጣ አፍንጫቸውን ይዘው ተሳሳቁበት። ሥራው ያምራል አልልም። ብርቱካናማን ከሐምራዊ ጋር ያጋባል፤ ዓይን ያማል። ነገር ግን ንጹሕ ጨርቅ ያመጣል። እግሮቼ መቆም ሲያቅታቸው እርሱ ቆሞ ይሰፋ፣ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እሳደብ ነበር። ስድቤን የቻለ ሰው መኪናዬንም ይችላታል።

እዚህ ላይ የልጄ ሚስት ሸልቢ ጣልቃ ገባች።

«እማማ ቬልዳ፣ ሰውየው እኮ ዘመድ አይደለም። መኪናዋን ሸጠን ጋራዡን ለወፍ አዳኞች ብናከራየውስ? አልጋ ማስገባት ብቻ ነው።»

«አዳኝ እኔ ጋራዥ ውስጥ ካልሲውን እንዲያወልቅ?»

«ምን አለበት? ጨዋ ሰዎች ናቸው።»

«ጨዋም ቢሆን እግሩ ይሸታል።»

«ሸልቢ፣ ተያት በቃ» አለ ዌንደል።

ጻፈው ሃላስ። ልጄ ሚስቱን ተያት አላት። እንዲህ ደፍሮ የሚናገር መሆኑን ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ በታመምኩ ነበር።

አምስተኛ፤ አሁን የለበስኩት ብርድ ልብስ። ዛሬ ሁላችሁን የሰበሰብኳችሁ በዋናነት ስለ እርሱ ነው።

ፊቱ የተቀጣጠለው በኦርፋ ዲትዝ እጅ ነው። ኦርፋ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ፣ ከዚያም ጎረቤቴ ነበረች። ስትቀጣጥል እንጂ ስትጨርስ አይቻት አላውቅም። ጉበቷን ታማ የሞት አልጋ ላይ ሳለች፣ የዚህን ፊት አጣጥፋ ሰጠችኝና «ለጋርለን ነው። ጨርሺለት» አለችኝ። ጋርለን አንድ ልጇ ነው። ከቀብሯ በኋላ ሰፋሁት። እንደዚያ አድርጌ የሰፋሁት ሌላ ሥራ የለኝም፤ ስፌቱን ደቃቅና ጥብቅ አድርጌ፣ እያለቀስኩ ሰፋሁት። ወስጄ ደጁ ላይ ሰጠሁት። ሳይዘረጋው «እሺ» ብሎ በሩን ዘጋ።

በተከታዩ ጸደይ ከቨርጂል ጋር ወደ ጎተራው ሄድን። የጋርለን ፒክአፕ ቆማ ነበር። ከኋላ አንድ አሮጌ የትራክተር ሞተር ተጭኗል። ሞተሩ የተጠቀለለው በኦርፋ ብርድ ልብስ ነው። ዘይቱ እየተንጠባጠበ በነጩ ገበር ላይ ተሰራጭቷል። ቨርጂል ሞተሩን ወደ ጎን ሲያጋድምልኝ እኔ ጎትቼ አወጣሁት። ጋርለን ከጎተራው ቢሮ ወጣ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እናትህን ከቆሻሻ እያወጣን።»

«እትዬ ቬልዳ፣ ጨርቅ ነው። ይተዉት።»

«ጨርቅ ነው? የማን እጅ እንዳረፈበት ታውቃለህ አንተ ከብት?»

«የእኔ ነው። የፈለግኩትን እጠቀልልበታለሁ።»

ጫማው አጠገብ ተፋሁ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ አልከለከለኝም። ከቨርጂል ጋር ገንዳ ውስጥ ደጋግመን አጠብነው። አንዱ ማዕዘን ላይ ጥቁሩ አለቀቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እለብሰዋለሁ፤ ለጋርለንም ሰላምታ ሰጥቼው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊቴ ሲቀመጥ ማጅራቱን ማየት ስለሚያቅለሸልሸኝ ወንበር ቀይሬያለሁ።

ስለዚህ እርሱ ዳግመኛ እንዳይነካው፣ ይህ ብርድ ልብስ ሬሳዬ ተጠቅልሎበት ከእኔ ጋር እንዲቀበር አዝዣለሁ።

ይህን ስናገር ጠበቃ ሃላስ ብዕሩን አቆመ። «በሕግ ንብረቱ የጋርለን ነው፤ የሰው ንብረት ይዞ መቀበር…» ሲል ከኮሪደሩ ሳል ተሰማ። ነርሷ ኮሪን ወጥታ አየች። ጋርለን ነበር። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። የምናዘዝበትን ቀንና የብርድ ልብሱን ነገር ማን እንደነገረው ወዲያው ገባኝ፤ ለምስክርነት የመጣው ፖስተኛው ኦዴል ዓይኔን ሸሽቶ የገዛ ጫማውን ይመረምር ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለ ጋርለን። «እሱን ለብሰው እንዳይቀበሩ ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

«ሌላ ሞተር ገዛህ?»

ወደ አልጋዬ ቀረበና የብርድ ልብሱን መሐል በጣቱ ነካ፤ ሰማያዊ መስመር ያለበትን ግራጫ ጨርቅ።

«ይሄን ያውቁታል?»

«የሸሚዝ ጨርቅ ነው።»

«የሮይስ ሸሚዝ ነው። ይሄም የሱ ነው። ይሄም። መሐሉ በሙሉ የሱ ነው።»

ሮይስ አባቱ ነው። አባቴ ብሎ ሲጠራው ግን አልሰማሁም።

«ቢሆንስ? ሚስት የባሏን ሸሚዝ ለልጇ ብታስቀር ምን ነውር አለው?»

«ክንዷን ሲሰብረው ይሄን ነበር የለበሰው።»

 

«ከመሰላል ወደቅኩ ነው ያለችኝ» አልኩት።

«ያኔ እኛ ቤት መሰላል አልነበረም፣ እትዬ።»

ሮይስ ዲትዝ ስንት ጊዜ ማዕዴ ላይ ተቀምጦ በልቷል! እኔ የጋገርኩትን በልቶ፣ ጣቱን ልሶ፣ «ኦርፋ ካንቺ ብትማር» እያለ ሲስቅ፣ እርስዋም አብራ ትስቅ ነበር። ሲሞት ፓስተራችን ታታሪ ሰው ነበር ብሎ አመሰገነው። እኔ ደግሞ የዚያን ሰው ደረትና ክንድ ጥጥ ሞልቼ፣ በደቃቅ ስፌት አሳምሬ፣ ከጸደይ ጀምሮ እስከ አገጬ ድረስ እየሳብኩ ስተኛበት ኖሬያለሁ።

«ኮሪን፣ አንሺልኝ!» አልኳት። «ከላዬ ላይ አንሺልኝ ይሄን!» አንስታ የሱፍ ብርድ ልብሴን አለበሰችኝ።

«እናትህ ታዲያ ለምን ሠራችው?» ስል ጠየቅኩት።

«እኔ ምን አውቄ? ሲሞት ሸሚዞቹን ሁሉ በመቀስ ቆራረጠቻቸው። ስትቆርጥ ደስ ብሏት ነበር፤ አይቻታለሁ። ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብላ መልሳ ቀጣጠለቻቸው። ለኔ ብላ! በየትኛው ጎኔ እንድተኛበት ነው?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ እኮ ተፉብኝ።»

እርሱም እንዲህ አለ፤ «እናቴ ከእርስዎ ሌላ ሰው አልነበራትም። እርስዎ በሱ ሸሚዝ ተጠቅልለው አፈር ሲገቡ ማየት አልፈልግም። በቃ ይሄው ነው።»

«ይቃጠላ!» አለች ሸልቢ። «ግቢ ውስጥ በርሜሉ አለ፤ አሁኑኑ ይቃጠል።»

ዌንደል ብርድ ልብሱን ከወለሉ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አስቆምኩት። ዳርና ዳሩ ሌላ ነው። ቀዩ ባለ ነጠብጣብ የኦርፋ የወጥ ቤት መጋረጃ ነበር። ቢጫው እኔና እርስዋ ለትምህርት ቤት ጭፈራ አንድ ዓይነት ያሰፋነው ቀሚስ ነው። የእርስዋን እጅ ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ አልጨምርም። ቨርጂልን ከጋራዥ አስጠራሁትና ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት።

«መሐሉን ማውጣት ይቻላል?»

ጎንበስ ብሎ ገለበጠው። «ይቻላል። ግን አንቺ ነሽ የሰፋሽው፤ ገሃነም ነው የሚሆነው።»

«ገሃነምም ቢሆን ይፈታ።»

ስለዚህ ጠበቃ ሃላስ፣ ከላይ ከእኔ ጋር ይቀበር ያልኩትን ሰርዝና እንዲህ ብለህ ጻፍ። ብርድ ልብሱ የጋርለን ዲትዝ ነው፤ የራሱን ለራሱ መልሻለሁ። ቨርጂል ቶነሰን የእኔን ስፌት ፈትቶ የሮይስን ሸሚዞች አንድ በአንድ ያውጣ። የወጡት ይቃጠሉ። በቦታቸው ምን እንደሚገባ የሚወስነው ጋርለን ብቻ ነው፤ ባዶውን ይቆይ ካለም ባዶውን ይቆይ። ከዚያ በኋላ ቨርጂል በመኪናዋ መልሶ ይስፋው። ብርቱካናማ ክር እንዳይነካ።

ጋርለን «እኔም ልፍታ» አለ።

«እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ጥፍሩ ሥር እስከ ሥጋው ድረስ ግሪስ ነው። «ሂድ ታጠብ መጀመሪያ። በሳሙና።»

ሄዶ ታጠበ።

ስድስተኛ፤ ምክር። ዌንደል፣ ሰው ሳይጎተጉትህ የሰውን ደጅ አንኳኳ። ሸልቢ፣ ጋራዡን ቨርጂል ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ በዓይንሽ እንዳትለኪው። ፓስተር፣ የሞተን ሰው በሬሳው ፊት ከማመስገንህ በፊት ሚስቱን ለብቻዋ ጠይቃት። ጋርለን፣ ሰላምታዬን መልሼልሃለሁ፤ የፒክአፕህ ኋላ ግን ዛሬም የሚያስጠላ ነው።

የምናገረው ይህን ብቻ ነው። ደክሞኛል።

ቬልዳ ሩዚችካ፣ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው ምስክሮች፣ ከዚህ ኑዛዜ የምናገኘው ጥቅም የሌለን ስንሆን፣ ወይዘሮ ቬልዳ ይህን ሁሉ በራሷ አንደበት፣ ማንም ሳያስገድዳት ስትናገር ሰምተናል። ብዕሩ ሲቀርብላት ወዲያው አልፈረመችም፤ «ቆዩ» አለችን። ቨርጂል ቶነሰንና ጋርለን ዲትዝ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ስፌቱን ይፈቱ ነበር። ክሩ ጥብቅ ስለነበር ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። የመጀመሪያው የሸሚዝ ቁራጭ ተላቆ ጋርለን እጅ ላይ ሲቀር አየችውና ያን ጊዜ ፈረመች።

ኮሪን ባርታ፣ ነርስ፣ ምስክር
ኦዴል ፊንች፣ ፖስተኛ፣ ምስክር
የጻፈው፣ ጠበቃ ሃላስ