አይሮፕላን ያልኩ ዕለት

ሐምሌ 2

ዛሬም የእርዳታው ወተት እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ጦርነቱ ከከተማችን ከኤኑጉ ካባረረን ወዲህ የምንተኛው እዚሁ ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ነው። የወንድሜ የኡቼና እግር በረሃብ አብጧል፤ ፀጉሩም ቀልቷል። ገና አራት ዓመቱ... «ነገ ቀደም በይ» አለችኝ እማዬ። ማን ያስቀድመኛል?

ሐምሌ 3

አደረግኩት። ሰልፉ መሃል ቆሜ «አይሮፕላን!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ቃል ብቻ! ቦምብ የፈራው ያ ሁሉ ሰው ጫካ ገባ። ሰልፉን የሚያስከብረው ቁጡ ወታደር ሳይቀር በሆዱ ተዘረጋ። ሳቄ መጣ። ሲመለሱ እኔ ሰልፉ ፊት ቆሜያለሁ። ኡቼና ሙሉ ኩባያ ጠጣ።

ከሰዓት እማማ ኦሊያኩን ተሸክመው አመጧቸው። አጠገባችን የሚተኙት፣ ፀጉሬን በክር የሚሠሩልኝ አሮጊት። ሲሮጡ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ሐምሌ 4

«ዳሌዬ ነው እንጂ አፌ አልተሰበረም» ይላሉ እማማ ኦሊያኩ። ደግሞ እጄን ይዘው፣ «አንቺ ነሽ አሉ ያየሽው? ዓይንሽን ያብራልኝ!» መረቁኝ! ምነው በረገሙኝ።

ይባስ ብሎ፣ የመንደሩ አዋጅ ነጋሪ ማዚ ኦንዉካ ደወላቸውን ማንጎው ዛፍ ላይ ሰቀሉልኝ። «የኔ ዓይን ደክሟል። ከዛሬ ጀምሮ ሰማዩን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የደወሉን መምቻ ተቀበልኩ። ለምን እውነቱን አልነገርኳቸውም?

ሐምሌ 5

ለእማማ ኦሊያኩ ልነግራቸው አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። «ምንም...»

ሐምሌ 9

መጣ። የእውነቱ። ከዘንባባዎቹ በላይ አየሁት። ደወሉን መታሁ፣ ጮህኩ። ሁሉም አመኑኝ፤ ሁሉም ሮጡ። መሮጥ ከማይችሉት ከእማማ ኦሊያኩ በቀር።

ቦምቡ የወደቀበት የሦስተኛ ክፍል ግማሹ የለም።

«ንኪሩ ልጄ፣ ባንቺ ተረፍን!» እማዬ አቅፋኝ ታለቅሳለች። እጇን አስለቀቅኳት። ሁላችንም ነን የተረፍነው?

ሐምሌ 10

እማማ ኦሊያኩን ቀበርናቸው። የሠሩልኝ ፀጉር አሁንም እንዳለ ነው። አልፈታውም።

ሐምሌ 11

ሰልፉ ፊት ወጥቼ ተናገርኩ። «ያን ቀን አይሮፕላን አልነበረም። ወተት ፈልጌ ነው... ዋሽቼ ነው።» ማንም አልተቆጣኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬ አንገቷን ደፋች።

ማዚ ኦንዉካ ብቻ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ነገ ስትጮሂ እንሩጥ ወይስ እንቀመጥ?» አሉኝ።

«ሩጡ» አልኩ።

ሄጄ ሰልፉ ጭራ ላይ ቆምኩ።