ቦቃ የጣለችው ጥጃ

ሰኞ፣ ኅዳር 6፣ ማታ

በረቱን ጠርጌ፣ እጄን ታጥቤ መጣሁ። ስማኝ ደብተር። የማታ ትምህርቱን ከጨረስኩ ወር አልሞላኝም፤ ከክፍሉ ጎልማሶች ግን እንደኔ የሚጽፍ የለም። መምህሩም ያውቃል፣ አፍሮ አልተናገረም እንጂ።

ዛሬ ወሬው ክፉ ነው። ላሜ ቦቃ ጣለች። የሰባት ወር ጥጃ። ወንድ። ጠጉር ማብቀል ጀምሮ ነበር።

ለሰው ሁሉ ምን ብዬ ነበር? ይሄ በሆዷ ያለው አድጎ ሰንጋ ሲሆን የመካነ ሰላም ነጋዴ ደጄ ላይ ይሰለፋል። ገበያ አወራሁ። መስጊድ ደጅ አወራሁ። አሁን ምን ልበል?

ሰ. የሚባል ጎረቤት አለኝ። ሙሉ ስሙን አልጽፍለትም፣ ቀለም ይበዛበታል። የሱም ላም ከቦቃ ጋር ባንድ ሰሞን፣ ባንድ ኮርማ ነው የተጠቃችው። ሆዷ ነጋሪት አክሏል። የሱዋ ለምን አልጣለችም? ሞዴል አርሶ አደር እሱ። ያንድ ለአምስታችን መሪ እሱ። ልጁ ከጅዳ ትልክለታለች፣ ቤቱ ቆርቆሮ። ትንሽ እንኳ ለሰው አይተውም?

ባለቤቴ ዘሀራ፣ ምላስህ ነው ያስወረዳት አለችኝ። ጥጃውን ከነእንግዴ ልጁ ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ ሰው ሳያይ፣ የወል ግጦሹ ዳር ካለው ቦረቦር ጣልኩት። ጅብ ይብላው። ሰ. ካየው ይስቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ዘሀራ ሳትነግረኝ የእንስሳት ሐኪም ከከተማ አስጠራች። ወጣት ነው። ጓንት አጥልቆ ቦቃን አያት፣ ደም ወሰደ። ሳይመረመር አልናገርም፣ ግን ተላላፊ የውርጃ በሽታ ሊሆን ይችላል አለ። ትለይ፣ ወተቷ ሳይፈላ አይጠጣ። ከዚያ፣ የጣለችውን የት ቀበራችሁት ብሎ ጠየቀ። ውሃ እስኪፈልቅ ቆፍሬ አልኩት። ሳቀ። ጥሩ፣ ሜዳ ላይ ቢጣል ኖሮ እሱን ያሸተተች፣ ሣሩን የጋጠች እርጉዝ ላም ሁሉ ልትጥል ትችል ነበር አለ።

ዘሀራ አየችኝ። ዶማው ከግድግዳው እንዳልወረደ ታውቃለች።

ከሰዓት። ግጦሹ ላይ የማን ላም አለች? የሰ.። ከቦረቦሩ ብዙም አትርቅም። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ደብተር፣ ላንተ ብቻ፦ የሱዋም ትጣል አልኩ በሆዴ። እኩል እንሁን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ሰ. መጣ። የቦቃን መጣል ሚስቱ ከዘሀራ ሰምታለች። ለፌዙ መልስ አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። አላፌዘም። ለቦቃ ጭድ ተሸክሟል! ወዳጃ እናድርግ፣ ሽማግሌዎቹ ለከብትህ ዱዓ ያድርጉ፣ ጫቱን እኔ እችላለሁ አለ። ሰውዬው በደግነትም ሊበልጠኝ ነው እንዴ? ደሜ ፈላ።

«ወንድሜ፣ የኔዋ ወንድ ከወለደች በጋራ እናደልበዋለን። እኔ አበላዋለሁ፣ አንተ ታወራለታለህ» አለኝ።

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ወላሂ ጥሩ ቀልድ ነው፤ የኔ መሆን ነበረበት። ያን ጊዜ ቦረቦሩን ልነግረው ነበር። ዘሀራ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አፌ ተከፈተ፣ የወጣው ግን፦ ጭዱ እርጥብ ነው። ይሄው ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 10፣ ንጋት

ዶማ ይዤ ወርጄ ነበር። ዘገየሁ። ጆንያው ተቀዷል፣ ጅብ ግማሹን ጎትቶ ሣሩ ላይ በትኖታል። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ የቀረውን ለቃቅሜ ቀበርኩ፣ እሾህ ከመርኩበት። ሣሩን ግን እንዴት ይቀብሩታል?

ለሰ. ካልተነገረው ላሙ ዛሬም እዚያው ትውላለች። ከተነገረው ደግሞ መንደሩ ይሰማል። በወዳጃው ላይ ሽማግሌዎቹ ስሜን ሲያነሱ ሳቅ ያመልጣቸዋል። የዚያ ሁሉ ጉራዬ መጨረሻ አንድ የተቀደደ ጆንያ።

ዘሀራ፣ አንተ ካልነገርከው እኔ ልሂድ አለች። አይሆንም። ከሷ አፍ ከሰማማ በሷም ልቀና ነው።

የሰ. በረት መዝጊያ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ከብቱን ሊያወጣ ነው። እሄዳለሁ። እቤት አስሮ ይቀልባት፣ ጭዱን መልሼ እሸከምለታለሁ። ስድቡንም እጠጣለሁ። ላሙ በሰላም ትገላገል፣ አላህ ያውጣት።

ብቻ ሴት ትውለድ።