ያንተ ኮይኖንያ፣ የኔ ቅናት

ውድ ባለቤቴ ወልዴ፣

አፈር ከለበስክ ዓመት ሊሆንህ ነው። ቤታችን ደህና ነው። የጓሮው እንሰት ደርሷል፣ ልጃችን አስካለ አራተኛ ክፍል ገብታለች፣ ቡታጅራም ያው እንደምታውቃት ናት። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ቅናት ይዞኛል። በሙት ይቀናል ወይ አትበለኝ፣ ይቀናል።

አዲስ አበባ የሃይማኖት ትምህርት ተምረህ ስትመለስ ያመጣህልኝ ነጠላ አልነበረም፣ ቃል ነበር፤ ኮይኖንያ። ግሪክኛ ነው፣ በአንድ ነገር አብሮ ተካፋይ መሆን ማለት ነው አልከኝ። ጳውሎስ ለጌታ ጽዋም፣ ለድሆች ለተዋጣው እርዳታም፣ ለመከራም ሳይቀር ይጠቀምበታል አልክ። አልገባኝ ሲል የመስቀል ቅርጫችንን አነሳህልኝ፤ በሬው አንድ፣ መደቡ የየቤቱ። ያን ቀን የሰማሁህ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ደስም አለኝ።

ከዚያማ ቃሉን ለከተማው በተንከው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ቆመህ ስታስተምር ያቺ ልብስ ሰፊዋ ብርነሽ ከፊት ወንበር አትጠፋም ነበር። እንዴት አፍጥጣ ታይህ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። በለቅሶህም ከኔ በላይ ጮኸች።

ዘንድሮ ለመስቀል ሥጋው ሲመደብ የቅርጫው ሰዎች ሰውየው ከሌለ መደቡም ይቅር አሉ። እኔ ጥቁሬን ለብሼ ቤት ተቀምጫለሁ። ብርነሽ ግን፣ እሷም አባል ናትና፣ መምህር መከራንም መካፈል ኮይኖንያ ነው ብሎ አስተምሮናል፣ የሚስቱ መደብ አይነካም ብላ ተሟገተችልኝ። ሥጋውንም ራሷ ተሸክማ አመጣችው። ወልዴ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለኔ ያመጣኸውን ቃል እሷ መጸወተችኝ!

ላባርራት ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማ ግን የመጨረሻውን እሁድ ትምህርትህን ትነግረኝ ጀመር፤ አስካለ አሟት የቀረሁበትን። መሀል ላይ አንተ ስታስነጥስ ሕዝቡ መሳቁን ሳይቀር ነገረችኝ። ለካ እኔ የማላውቅህ ብዙ ነህ። ካባረርኳት ያ ሁሉ አብሯት ይሄዳል። ግቢ አልኳት።

አሁን እሁድ እሁድ ትመጣለች። እየቀናሁም ቢሆን አዳምጣታለሁ። እሷም በተራዋ ቤት ውስጥ እንዴት እንደነበርክ ትጠይቀኛለች። አንዳንዱን እነግራታለሁ።

እስክሞት አስታውስሃለሁ፣ ቃሌ ነው። መብራቱን አጥፍተን ጎን ለጎን ስንተኛ ምን ብለህ ትጠራኝ እንደነበር ግን ለብርነሽ አልነግራትም። እሱ የኔ ብቻ ነው።

ሚስትህ