ቀለም ሰንበት የለውም

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ደመላሽ። አባቴን ያስገረፈው ሰውዬ። ስሙን በእጄ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ «ሽ»ን ሁለቴ አበላሸሁ።

እዚህ ስደት አገር፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር፣ የአዛውንቶች ንባብ ክፍል። ዘፍጥረትን በየተራ ጮክ ብለን እናነባለን። አስተማሪያችን ታማ በምትኳ ሽማግሌ መጣ። ከረባት፣ ሽቶ። ሁሉም ጋሼ አሉት። እኔም አልኩት፣ ምላሴ ይድረቅ። ክፍሉ ወደ ቅ/ሜ ተዛውሯል አለን። አንዷ፣ ቅ/ሜ የልጅ ልጆች እጠብቃለሁ ብትለው ሳቀ። «ቀለም ሰንበት የለውም፣ እትዬ።»

ያኔ ድምፁን አወቅሁት። እሱ እኔን አላወቀኝም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ወጡ አረረብኝ። ስሚ ደብተሬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገር።

የደርግ ጊዜ፣ ጎንደር። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ደመላሽ ካድሬ ሆኖ መጣ። የጸሎት ቤታችንን ነጥቆ የመሠረተ ትምህርት ክፍል አደረገው። ለክርስቲያኖቹ ረቡዕ፤ ለእኛ ቅ/ሜ። ሆን ብሎ። አባቴ የጸሎት ቤቱ ቄስ ነበር። በሰንበት እሳት አንነካም፣ ብዕር አንይዝም፣ ሌላ ቀን ይሁንልን ብሎ ለመነው። ያንኑ ቃል መለሰለት፣ ያንኑ ሳቅ ስቆ። በማግስቱ ጽዮናዊ ብለው ወሰዱት። ኦሪቱንም ወሰዱ። አባቴ ውስጥ እግሩ ተልጦ በጉልበቱ እየዳኸ ተመለሰ። እኔም ፊደል ሳልቆጥር አረጀሁ፤ እዚህ ክፍል ነው የቆጠርኩት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ለልጄ ለጽጌ ነገርኳት። ከሺፍት ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሰማችኝ። ማሚ፣ ሰውዬው አርጅቷል፣ ፎርጌት አድርጊው አለች። አሞኛል በይ፤ ኤሪን ውድስ ሰፈር ሌላ ክፍል እንፈልጋለን።

አሞኛል። እዚህ አገር የምንኖረው በዚህች ቃል ነው። የቅ/ሜ ሰርግ ሲጠሩን አሞኛል። ክርስትና ሲጠሩን አሞኛል። በሰፈሩ ቅ/ሜ ቅ/ሜ የምታመም ሴትዮ ነኝ። ለምን አትናገሪም ትይኝ ይሆናል። ቡዳ የሚል አፍ ውቅያኖስ አያግደውማ።

ግን ለምን እኔ ልሂድለት? ኖኅ ገና መርከቡን አልጨረሰም። ደግሞ ሊነጥቀኝ ነው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት

ደወልኩለት። ነገ አልመጣም አልኩ። አመመዎት እንዴ፣ እትዬ፣ አለ በትሕትና። አላመመኝም አልኩት። ሰንበቴ ነው። የቄስ ይርጋ ልጅ ነኝ፣ እግሩን ያስገረፍከው። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

በዘመኑ ሁላችንም ታዝዘን ነው አለ። ቅዳሜን ማን አዘዘህ አልኩት። ዘጋው።

ጽጌ ከጓዳ ምን አደረግሽ ትላለች። ክፍሉ ይቀርብኝ ይሆናል። ነገ ሌሎቹ ተማሪዎች ሲጠይቁ ለምን እንደቀረሁ ራሱ ይንገራቸው፤ ካልነገራቸው እሑድ እኔ እየደወልኩ እነግራለሁ። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ ብዕር ላስቀምጥ። ከእንግዲህ በሰንበት አሞኛል አልልም።