«የተጫነ አውቶቡስ አምጡልኝ» ያሉት የኢንጂነር እስቲልየው የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከሬዲዮ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በሰኔ ወር 1961 ዓ.ም. ከመኪና ጋራዡ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። መዝገብ ላይ ያለው ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን «እስቲልየው» በሚለው የቤት ስማቸው ነው። አፍ ከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ የተነገራቸውን ሁሉ «እስቲ ልየው» ሳይሉ አያልፉም ነበርና። እናታችን «ወተቱ ፈልቷል» ሲሉ ክዳኑን ከፍተው የሚያዩ፣ አባታችን «ተሠርቷል» ብለው የዘጉትን ሬዲዮ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ጣቢያውን ሁሉ የሚያስሱ ልጅ ነበሩ። አባታችን «ይቺ ልጅ እኔን አባቷንም አታምነኝ!» እያሉ ያማርሩ ነበር። ይሁንና በእህታችን እጅ አልፎ ለጥገና የተመለሰ ሬዲዮ አልነበረም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት አጠናቀው፣ በ1984 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። ውጤቱ ተለጥፎ ስማቸውን ካዩ በኋላ ሞክሼ እንዳይኖር ብለው ሬጅስትራር ድረስ ሄደው አረጋግጠዋል። በዚያው ዓመት በአውቶቡስ ድርጅት የሬዲዮ መገናኛ ክፍል ተቀጠሩ፤ እስከ መጨረሻውም ያገለገሉት እዚያው ነው።

በ1988 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ባለቤታቸው የጋብቻ ጥያቄ ሲያቀርቡ እህታችን ወዲያው እሺ አላሉም። ምንም ሳይናገሩ እሳቸው በሚነዱት አውቶቡስ ኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲመላለሱ ሰነበቱ። ደካማ ሰው ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ጠብቀው በሩን የሚዘጉ ሾፌር መሆናቸውን በዓይናቸው ሲያዩ ነው ልባቸው የረጋው። ከጋብቻቸውም አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ2013 ዓ.ም. ድርጅቱ አውቶቡሶቹን በገመድ አልባ መሣሪያ እርስ በርስ ሊያነጋግር አሰበ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮረብታው ወገብ ላይ ባለው መታጠፊያ ሽቅብ የሚወጣውና ቁልቁል የሚወርደው አይተያዩም፤ መንገዱም ለሁለት አይበቃም። አንዱን አቁመው ሌላውን የሚያሳልፉት በሁለቱ ጫፍ የቆሙት ባለ ባንዲራ ሠራተኞች ናቸው። አዲሱ መሣሪያ ግን አንደኛው አውቶቡስ ለሌላው «መጣሁ፣ ቁም» የሚል መልእክት በአየር የሚልክበት ነው። ያኔ ባለ ባንዲራዎቹ ይሰናበታሉ ተባለ። ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን እንዲያጠኑ የታዘዙት እህታችን ነበሩ። ባለቤታቸው ደግሞ የሚነዱት በዚያው መስመር ነው።

የሙከራው ዕለት መሣሪያው ያለ አንዳች እንከን ሠራ። የመሣሪያው ሻጮች አጨበጨቡ፣ አለቆቹ ተጨባበጡ። እህታችን አላጨበጨቡም። ታጥበው የቀረቡትን ሁለት አውቶቡሶች ዙሪያቸውን ዞረው «ጣሪያቸው ለምን ባዶ ሆነ?» ብለው ጠየቁ። እውነት ነው፤ በዚያ መስመር ጣሪያው ባዶ የሆነ አውቶቡስ ማን አይቶ ያውቃል? ቆርቆሮው፣ የብረት አልጋው፣ በርሜሉ ተቆልሎ ነው የሚኬደው። መልእክቱን የሚልከውና የሚቀበለው አንቴና ደግሞ የተተከለው ከዕቃ መጫኛው መሐል ነው። «የተጫነ አውቶቡስ አምጡልኝ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ «ኧረ ኢንጂነር! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ይባላል?» አሏቸው። እህታችንም «ላሟ የት እንደምትውል አሳምሬ አውቃለሁ፤ የሚነዳት ባሌ ነው» ብለው መለሱላቸው።

የማታ ማታ ቆርቆሮና በርሜል ተጭኖ ተሞከረ። መልእክቱ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ውኃ በልቶት ይቀራል፣ አንዳንዴም አውቶቡሶቹ ከተላለፉ በኋላ «መጣሁ» ይላል። እህታችን «ይሄማ ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ ወሬ ነው» አሉ። እንግዲህ ቴክኖሎጂ ጠልተው ነው እያላችሁ ያማችኋቸው ስላላችሁ በአደባባይ እንናገራለን፤ አልጠሉም። አንቴናው ከፊትና ከኋላ ይሁን፣ በዝናብም በገበያ ቀንም ይሞከር፣ እስከዚያው ባለ ባንዲራዎቹ ይቆዩ ነው ያሉት። ይህን በማለታቸው «ከባለ ባንዲራዎቹ ዘመድ ቢኖራቸው ነው» ተባለ። ዘመድ የላቸውም። እኛም በበኩላችን ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚል ቤት ውስጥ ነው ያደግነው። ሻጮቹ ሥራ አስኪያጁን ጋብዘው ውጭ አገር ምን እንዳሳዩአቸው አናውቅም፤ ከተመለሱ በኋላ ግን ጥድፊያው ባሰ። የእህታችን ቢሮም መስኮት ካለው ክፍል ወደ ጎማ መጋዘኑ ጥግ ተዛወረ። ለእድሳት ነው ተባለ፤ እድሳቱን እስከ ዛሬ ያየ የለም። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች!

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጉበታቸውን ታመሙ። ሐኪሙ የነገራቸውን ለማጣራት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሁለቱም አንድ ነገር ሲናገሩ «ተደዋውለው ይሆናል» ብለው ሦስተኛ ጋ ሄዱ። ሦስተኛውም ያንኑ ሲደግም አራተኛ አልፈለጉም። እኛ የዚያን ዕለት ነው ያለቀስነው።

እሳቸው አልጋ ላይ ሳሉ አንቴናው እዚያው መጫኛው መሐል እንዳለ በሁሉም አውቶቡሶች ተገጠመ፤ ባለ ባንዲራዎቹም የስንብት ቀን ተቆረጠላቸው። ይህን ማን ይንገራቸው? ሁላችንም ዓይን ለዓይን እየተያየን አለፍነው። በመጨረሻው ሳምንት ራሳቸው ባለቤታቸውን «ባለ ባንዲራዎቹስ እንዴት ሆኑ?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸውም «አይነሱም ተብሏል፤ ሙከራውም አንቺ ባልሽው መንገድ ሊደገም ነው» አሏቸው። ውሸት ነበር። ሆዳቸው አልችል ብሎ ነው የዋሹት፤ እዚህ እንዲነበብም ራሳቸው ፈቅደዋል። ዕድሜ ልካቸውን ሰው በአፉ የነገራቸውን ተቀብለው የማያውቁት እህታችን፣ «ማን አለ? መቼ አለ?» ብለው አልጠየቁም። የባላቸውን እጅ ይዘው «እንግዲያው ጥሩ ነው» አሉ። አምነዋቸው ይሁን አዝነውላቸው አናውቅም፤ እኔ ታናሽ እህታቸው ይህን ስጽፍም እየጠረጠርኩ ነው። ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሲታመሙ ያልጠየቋቸው የድርጅቱ ኃላፊዎች ዛሬ ጥቁር ለብሰው በብዛት መጥተዋል። ሐዘን ይሁን፣ መሞታቸውን ማረጋገጥ ይሁን ለኅሊናቸው ትተናል። አንድ ነገር ግን ከቆማችሁበት ስሙን። ባለ ባንዲራዎቹ የሚሰናበቱት ሰኞ ነው። ቀኑን የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ መሻርም ትችላላችሁ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና እኔን ታናሻቸውን ትተው ሄደዋል። ባለቤታቸው ማክሰኞ ጠዋት በዚያው መስመር ሥራ ይገባሉ።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ባላቸውንም ዋሾ አድርጎ አያስቀርብን። አሜን።